ያላየሁት ሕልም

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ውድ እታለም፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ልጻፈው። ያንን ሕልም አላየሁም።

እሑድ ደውለሽ፣ እዚያ ከተማ ለሙከራ የገባሽበት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት በቋሚነት ልትቀጥርሽ እንደፈለገችና መልስሽን እስከ ቅዳሜ እንደምትጠብቅ ስትነግሪን እማዬ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። "የጌታን ፈቃድ ጠይቁልኝ" አልሽን። እኔ ግን የጠየቅሁት ራሴን ነው። እማዬ የሆስፒታሉን አንሶላ ልታጥብ ስትወጣ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ልቀር ነው? ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያናግረኝ ማን ይመልስልኛል? አንቺ እኮ አፌ ነሽ።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ሻይ ስትቀዳልኝ "ሕልም አየሁ" አልኳት። አንቺ በር በሌለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ ስትሰፊ፣ ክሩ እየተበጠሰብሽ ስታለቅሺ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት መንገዱ ቀና ነው። እማዬ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቡድኑ እናቶች ሁሉ ሰምተው ነበር። መሪያቸው፣ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ግንባሬን ስማ "እሱ የዘጋውን ማን ይከፍታል?" አለች። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ "ባለ ራእይዋ" ሆኗል። አንዷማ ፍሪጇን ትሽጥ እንደሆነ እንዳልምላት ለመነችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔና አንቺ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን በሳቅ እንሞት ነበር።

ትናንት ስትደውይ እማዬ ሕልሙን ነገረችሽ፤ ታለቅሻለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀስሽም። "ከእሱ ከሆነ እሺ፤ ቅዳሜ ለሴትዮዋ እንደማልቀር ነግሬያት እመጣለሁ" አልሽ። ከዚያ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ያሳየሽን ነው የተናገርሽው" አልሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

አዋላጇ ሁሉ ነገር በእግዚአብሔር እጅ ነው፣ ክፉውንም ለበጎ ይለውጠዋል ትላለች። አምናለሁ። ግን ሰሞኑን ይህንኑ ቃል መደበቂያ ላደርገው ሞከርኩ፤ እሱ ባይፈቅድ ኖሮ ያ ሁሉ ወሬ ከእኔ አይወጣም ነበር እያልኩ። ሰላምታ ለመመለስ እንኳ ቃል የሚተናነቀኝን እኔን ያን ጠዋት ምንም አልተናነቀኝም፤ ይህንንም በእሱ ላሳብብ ቃጣኝ። ስንበረከክ እናቶቹ "አሜን" ይላሉ፣ እኔ ምንጣፉን አያለሁ። እሱ ያሰበልሽን የእኔ ውሸት እንደማያስቀረው አውቃለሁ። ያም ሆኖ ውሸቱ የእኔ ነው፤ ማንሳቱም የእኔ ፋንታ ነው።

ጎረቤታችን ሾፌሩ ነገ ጠዋት አንቺ ወዳለሽበት ይነሳል፤ ይህን ደብዳቤ በእጁ እሰጠዋለሁ። ዛሬ እማዬ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ እነግራታለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ እናቶቹ ሲሰበሰቡ ደግሞ ቆሜ "አላየሁም" እላለሁ።

አንቺ ለሴትዮዋ የምትመልሺውን ከእሱ ጋር ብቻ ተነጋገሪ። እኔን አትጠይቂኝ፤ አሁንም እንድትመለሺ እፈልጋለሁ።

የምትወድሽ
ታናሽሽ