ቀኖናዬ ምስጋና ሆነ

ደሴ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። ተዝካርህን እንደ ወጉ አውጥቻለሁ። ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ነፋስ የገነጠለው የቤቱ ቆርቆሮም ተለውጧል። እኔ ግን አላረፍሁም። ቁጭ ስል ተነሽ ተነሽ ይለኛል፤ ስነሳ ደግሞ የምሄድበት የለኝም።

አምና ሰሊጡን ያሳጨደው ወንድምህ ነበር፤ ዘንድሮ እኔ ነኝ። አንተ ቀድሞ የሚደርሰውን የታችኛውን ፍሬ ፈልቅቀህ አይተህ ነበር ማጭድ የምታስገባው። እኔ የላዩ ገና አረንጓዴ ስለሆነ ሳሳሁለትና እሱም ይድረስ ብዬ አምስት ቀን አቆየሁት። ከጎጃም የወረዱት ሠራተኞች፣ እትዬ ኧረ ይረግፋል፣ እያሉ ቢጎተጉቱኝም አልሰማሁም። የመተማ ፀሐይ የታችኛውን ሁሉ ከፈተውና ማጭድ ሲነካው መሬት ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስሰድብ እውላለሁ። የጎረቤት ዶሮ ብትሞት አይዞሽ የምል ሰው፣ ለራሴ አንድ አይዞሽ አጣሁ። መሬቱን ለሰው ሰጥቼ ጎንደር እህቴ ዘንድ ልሄድ ጓዜን ሁለት ጊዜ አሰርሁ፣ ሁለት ጊዜ ፈታሁ፣ ደግሞ አሰርሁ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። አርባ ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ራስን መራገም ንስሐ አይደለም አሉኝ። እግዚአብሔር በአንቺ እጅ የሠራውን በየማታው አንዳንድ እየጠራሽ ሰባት ቀን አመስግኚ፣ ቀኖናሽ ይኸው ነው አሉ። ቀልድ መሰለኝ። የትራክተሩ ማረሻ ጉቶ መትቶ ሲሰበር ቆብህን አውልቀህ ተመስገን ስትል እናደድብህ አልነበር? እንደዚያው ተናደድሁ።

ስግደቱ በተሻለኝ። የመጀመሪያው ማታ የምለው አጥቼ፣ ልብስ አጥቤአለሁ ተመስገን ብዬ በሩን ጥርቅም አድርጌ ገባሁ። በማግስቱ የተረፈውን ነዶ እንዳይወድቅ ደግፌ ማቆሜን ጠራሁ። በአራተኛው ቀን ግን እጄ የሠራውን ስፈልግ ያልሠራው መጣብኝ። ለካ የሚያንገበግበኝ ሰሊጡ አልነበረም። ትኩሳቱ የጀመረህ ዕለት፣ እስኪ ነገ እንየው ብዬ ጤና ጣቢያ ሳልወስድህ የዋልሁባት ቀን ናት። ደሴ፣ እሷን ለቄሱም አልተናዘዝሁም።

ትናንት ሰባተኛው ነበር። ብዙ አለቀስሁ። ከዚያ በተኛህባቸው ዘጠኝ ቀናት ውሃ በማንኪያ ያጠጣሁህ፣ ግንባርህን በርጥብ ጨርቅ ያበረድሁልህ በዚሁ እጄ መሆኑ ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። ስለ ሞትህ አይደለም፤ እሱን አልችልም። አጠገብህ ስላቆመኝ ነው። ዛሬም ያቺ ቀን ትቆጠቁጠኛለች፤ ራሴን በመታገሥ ገና ጀማሪ ነኝ። ጓዜን ግን ፈትቼ ዕቃውን በየቦታው መልሼዋለሁ።

ነገ ሄጄ ለቄሱ ቀሪውን እነግራቸዋለሁ። ለአንተም ቃሌ ይኸው ነው፦ እስከ ዛሬ ሳስብህ ያቺን አንዲት ቀን ብቻ ነበር የማስበው። ከእንግዲህ አብረን የኖርናቸውን ቀኖች ሁሉ አስባለሁ፤ የዘገየሁባትንም ከነሱ እንደ አንዷ።