ከዒላማው ኋላ ማን አለ?

ጥር ፬፣ ረፋድ

ደግሞ የዓይን ጠብታ። ደግሞ የአስቴር ልመና። ልጄ ዛሬም ከራስጌዬ ቆማ፣ የቀኝ ዓይኔን የጋረደውን ሞራ እንዳስገፍፍ፣ ሐኪሙም ቀላል ነገር ነው ማለቱን፣ ጎረቤታችን አሮጊቷ እንኳ ከተገፈፈላቸው ወዲህ በመርፌ ክር ማስገባት መጀመራቸውን ደረደረችልኝ፤ እኔም ሰማንያ ዘመን ያየሁት ይበቃኛል፣ የቀረችኝን ጥቂት በግራው አብቃቃታለሁ አልኋት። ተቆጥታ ወጣች። ትመለሳለች።

የወንድሜ ልጅ ፈንታሁን ከዳባት በላይ ካለው የአባቶቻችን ቀዬ ሰው ልኳል። ሴት ልጁን ሙሉን ሊድር ነው፤ በሠርጉ የዒላማ ዳኛ እንድሆን ይሻል። አንተ ማስታወሻዬ ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ ከእኔ በኋላ የሚገልጥህ ቢኖር እንዳይቸገር ግን ልጻፈው። በእኛ ቀዬ ሙሽራው ከዳሱ ከመግባቱ በፊት፣ ከሸለቆው ማዶ በገደሉ ደረት ላይ ዕንቁላል ይቀመጥና ይተኩሳል፤ ዕንቁላሉ ካልተሰበረ ሙሽራዪቱ ከጓዳ አትወጣም። ዳኛው እያንዳንዱን ተኳሽ «ከኋላው ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ተኳሹም «ገደልና እግዜር!» ብሎ ይመልሳል። ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ መልሶታል፣ እኔም በጎልማሳነቴ መልሼዋለሁ።

ሙሽራው ዮናስ ይባላል፤ እዚሁ ጎንደር በአራዳ የማኪና መለዋወጫ ነጋዴ። በቅርቡ ከጓደኞቹ ጋር ተኩስ ጀምሯል፤ «ስፖርት» ይሉታል። ፈንታሁን አይወደውም። የከተማ ሰው ሁሉን መግዛት ለምዷል፣ እስቲ ይችን ዕንቁላል ይግዛት፣ ብሏል አሉ። ተኩስ ሰው በሚያስደነግጥበት ዘመን ላይ ነንና ለሠርጉ የተፈቀደው ሦስት ጥይት ብቻ ነው፦ አንዱ ለሙሽራዪቱ አባት መክፈቻ፣ ሁለቱ ለሙሽራው። ሁለቱን ከሳተ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ጾሙም እየደረሰ ነውና እስከ ፋሲካ ማዶ ሌላ ድግስ አይታሰብም።

ጥር ፯፣ ከሰዓት በኋላ

ዮናስ በማኪናው ወስዶኝ ከሚለማመዱበት ዋልሁ። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ የተተወ ካባ ነው።

የዕቃው ብዛት! ጠመንጃው እንደ ታቦት በሣጥን ተሸፍኖ ይመጣል፤ ከላዩ ክንድ የሚያህል መነጽር፣ ከሥሩ እግሮች፣ ለጆሮ መከለያ፣ ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንቶች፣ ነፋስ የምትለካ ትንሽ መዘውር፣ ለደረት ምንጣፍ። እንዲህ ያለ ጌጥ የማውቀው በሙሽራ በቅሎ ላይ ነው። አባቴ ምንሽሩን በቅቤ አብሶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የሮጠ ሚዳቋ ይጥል ነበር፤ እነዚህ ግን ተኝተው፣ ተደግፈው፣ ለክተው፣ አሥልተው፣ ለዒላማ ያቆሙትን ጣሳ ሳይሆን ኮረብታውን መቱ። አቧራ ሲነሣ ጓደኛሞቹ «ኮረብታው ሞተ!» ብለው ተሳሳቁ። ዮናስም አብሮ ሳቀ። መሳቁ ደስ አላለኝም፤ በእርሱ ቦታ ሆኜ ሙሉን የማጣ ብሆን አልስቅም ነበር።

አንድ ልማዳቸው ደግሞ ትዕግሥቴን ፈጀው። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት መነጽሩን በጣሳው ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች፣ እስከ ማዶ ድረስ ያዞሩታል፤ አንዱ «ጽዱ ነው?» ይላል፣ ሌላው «ጽዱ ነው» ይላል። ጣሳው እስኪዝግ።

«የኔታ፣ እስቲ ይዩበት» አለኝ ዮናስ፤ ግዕዝ ማስተማሬን ከሙሉ ሰምቷል። ለይሉኝታ ያህል የግራ ዓይኔን አስጠጋሁ።

እግዚኦ። እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ከካባው ማዶ፣ ለእኔ ዓመታት ሙሉ አረንጓዴ ጉም ከመሆን ያላለፈው የደብሩ ዐጸድ ቅጠል በቅጠል ተለየ፤ ከቅጠሉ በላይ ጉልላቱ፣ ከጉልላቱ በላይ መስቀሉ፣ በመስቀሉ ክንዶች ላይ የሰጎን ዕንቁላሎቹ፣ በሁለት ዕንቁላሎች መካከልም አንዲት ርግብ ተቀምጣ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ስትተነፍስ አየኋት። ርግብ ስትተነፍስ! ራሴን ቀና ሳደርግ ሁሉም ጠፋ።

ለዮናስ «ደኅና መስተዋት ነው» አልሁት። 

ጥር ፲፯፣ ሊመሽ ሲል

ከቀዬው ደርሻለሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ግርማው ግን! ምድር እዚህ ላይ ሥራዋን ድንገት ትታ እንደ መቆም ነው፤ ከእግርህ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደመና። ተራራውን በግራ ዓይኔ ሳይሆን በትዝታዬ አየዋለሁ።

የዕንቁላሉን ቦታ መረጥሁ። ፈንታሁን እጄን ይዞ እስከ አፋፉ አደረሰኝ፤ እኔም አባቴ ይመርጠው የነበረውን፣ ከማዶው ገደል ደረት ላይ የወጣውን ጠፍጣፋ ድንጋይ በበትሬ አመለከትሁት። በእውነት ከሆነ ጥቁረት ብቻ ነበር የታየኝ። በሠርጉ ዕለት ጎሕ ሲቀድ አንድ እረኛ ወጥቶ ዕንቁላሉን ያስቀምጣል።

«ሸጋ ቦታ ነው አያ» አለ ፈንታሁን፤ «ይህን እንኳን ያ የመነጽር ጌታ የኛም ሰው አይመታው።» በጣም ደስ ብሎታል።

ሙሉ ከጓዳ አስጠራችኝ። እጇ እንሶስላ ሞቋል። አባቷን እንደምትወድ፣ ዮናስንም እንደምትወድ፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ የዶሮ ዕንቁላል ብቻ መቅረቱን ነገረችኝና ሳቀች፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። «ምነው አያ፣ ቀረብ ያለ ድንጋይ ጠፋ?» አለችኝ።  ሥርዓት ነው አልኋት። ሥርዓት።

ጥር ፲፱፣ ከቀትር በኋላ፣ ከዳሱ ጥግ

 ቶሎ ልጻፈው።

አጃቢዎቹ ደረሱ፣ ጭፈራው ደመቀ፣ ሕዝቡ አፋፉን ሞላው። ፈንታሁን የአያቱን ምንሽር ይዞ ቀረበ። ጠየቅሁ፦ ከኋላው ማን አለ? እርሱም እንደ መብረቅ፦ ገደልና እግዜር! ተኮሰ። ድንጋዩ ጠርዙ ተፈልጦ አቧራ ተነሣ፣ ዕንቁላሉ ግን ቆሟል ብለው ከጎኔ ያሉት ነገሩኝ። ነጭ ነጠላዬን አወዛውዤ መሳቱን አወጅሁ። ዒላማው እንደማይመታ አሳይቷልና ለእርሱ መሳቱም ድል ሆኖ እየሳቀ ተመለሰ።

ዮናስ ከነሙሽራ ልብሱ ምንጣፉን ዘርግቶ በደረቱ ተኛ። ሣጥኑ፣ እግሮቹ፣ መዘውሯ። ሴቶቹ «ምነው፣ ሊያድር ነው?» እያሉ፣ ጎረምሶቹ ትራስ እንዲመጣለት እየጮኹ አሾፉበት። ጠየቅሁ፦ ከኋላው ማን አለ?

ዓይኑን ከመነጽሩ አላነሣም።

ሚዜው ጎንበስ ብሎ መልሱን ሹክ አለው። ዮናስ አልሰማውም፤ መነጽሩን በድንጋይ ካባው እንዳደረገው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ አዞረ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ገደልና እግዜር እያሉ ይጮኹለት ጀመር። እኔም አፈርሁ። ሙሉ ከጓዳ ሆና ይህን ሳቅ ትሰማዋለች አልሁ።

ዮናስ ጣቱን ከምላጩ አነሣ። ጥይቱን አወጣና በመዳፉ ያዘው።

«ሰው አለ» አለ።

ሳቁ ባሰ። ፈንታሁን ወደ ፊት ወጥቶ፣ መሳቱ ካልቀረ ምነው ተኩሶ ቢስት፣ በሰበብ ዕንቁላል አይሰበርም ብሎ ጮኸበት። ዮናስ ግን ወደ እርሱ አልዞረም። ወደ እኔ ነው ያየው። «የኔታ፣ እባክዎ። ይዩ።»

ሰማንያ ዓመት የተሸከሙት ጉልበቶች ምንጣፍ ላይ ተንበረከኩ። ዓይኔን አስጠጋሁ።

በመጀመሪያ ዕንቁላሉ፣ እንደ ጨረቃ ሆኖ። ቀጥሎ የፈንታሁን ጥይት የፈለጠው አዲስ ነጭ ጠርዝ። ከዚያ ከድንጋዩ ኋላ፣ ከገደሉ ንቃቃት አፍ ላይ፣ የዐለቱን ቀለም የለበሰች፣ ቆቧ ከድንጋዩ የማይለይ አንዲት መነኵሲት፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ ወደ ፀሐይ ዘንበል ብሎ፣ መቁጠሪያዋን ፍሬ በፍሬ ስታሳልፍ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅ የለም፤ በመካከላችን የዓለም ስፋት ያህል ሸለቆ አለ፤ ግን ቃል በቃል የምከተላት መሰለኝ። ተኩሱ አላስነሣትም። ጠርዙ ከትከሻዋ ስንዝር ቢርቅ ነው። ከትከሻዋ ላይ የድንጋይ ዱቄት ነበር፣ አላራገፈችውም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። «አያ፣ ምን አለ?» የሚል የፈንታሁን ድምፅ መለሰኝ።  እጁን ስቤ ዓይኑን ከመነጽሩ አገናኘሁት።

አየ። ቀና አለ። ምንሽሩን መሬት ላይ፣ እንደ ሕፃን፣ በቀስታ አስተኛው፤ ከዚያ በፊቱ ተደፋ። «ገደልና እግዜር አልሁ» ይል ነበር፤ «አላየሁም እኮ፣ ዝም ብዬ አልሁ።»  

ዳኛ ነኝና መፍረድ ነበረብኝ። ቆሜ፣ በበትሬ ተደግፌ፣ አባቶቻችን ጥያቄውን ከተኩሱ ያስቀደሙት ለዜማው እንዳልሆነ፣ እኔን ጨምሮ ስንት ትውልድ ጥያቄው ከጠያቂው አፍ ሳይወርድ መልሱን እንደወረወርነው፣ ከሁላችን አንድ ይህ ልጅ ብቻ ተጠይቆ እንደመለሰ ተናገርሁ። መልስ ከተኩስ ይቀድማል፤ ዮናስ መልሷል፤ ሙሽራዪቱ ትውጣ፤ በዚህ ሸለቆ ላይ ዛሬ ሌላ ጥይት አይጮህም።

አንድ ጎረምሳ ከኋላ «ዕንቁላሉስ?» አለ።

ፈንታሁን አቧራውን ሳያራግፍ ተነሣ። «ዕንቁላሉ ይፈልፈል!» አለ። ዮናስን አንገቱን አቅፎ ወደ ጓዳው ደጅ ወሰደው።

ጥር ፳፣ ጧት

ቄሱ መጥተው ነገሩን። እማሆይ ከአዲ አርቃይ በኩል ወጥተው በጥምቀት ማግስት ሱባኤ ገብተዋል፤ ቃል አይናገሩም፣ ስፍራቸውንም ከቄሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቀትር ላይ ለፀሐይ ብቅ ይላሉ። ቄሱም ሠርጉን እንጂ የዒላማውን ድንጋይ አላወቁም። እረኛው ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ማንንም አላየም።

ድንጋዩን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ለማላየው ገደል ትዝታዬን ዋስ አድርጌ። 

ይቅርታ ልጠይቅ ልሂድ አልሁ። ቄሱ፣ ዝምታቸውን ማፍረስ ሁለተኛ ጥይት ነው አሉኝ። ተውሁት። ከአፋፉ ቆሜ ሦስት ጊዜ ሰገድሁ። በግራ ዓይኔ ጥቁረት ብቻ። ግን አሁን በጥቁረቱ ውስጥ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ልዩነቱም ይህ ሁሉ ነው።

ጥር ፳፫፣ ጧት፣ ጎንደር

አስቴር ጠብታውን ይዛ መጣች። ልመናዋን ከመጀመሯ በፊት ቀጠሮ እንድትይዝልኝ ነገርኋት። ጠብታው ከእጇ ወደቀ። «አባባ፣ ምን ነካህ?» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ርግብ ስትተነፍስ አየሁ ልበላት? ያየሁት ይበቃኛል ማለቴ ልመናዋን ለማስቆም የተማርሁት መልስ ሆኖ ሳለ፣ እኔም ሳላይ ስመልስ ኖሬ፣ ከኋላው ማን እንዳለ

የማኪና ጡሩምባ። ዮናስ ነው፤ አስቴር ደውላለት ኖሮ ማኪናውን ከደጅ አቁሟል፣ ሙሉም አብራው፣ ከሐኪሙ ዘንድ ለዛሬ ቦታ ተገኝቷል ይላሉ። ኮቴ የት አለ። የቀኝ ዓይኔን ይዤ ልሂድ፤ የቀረውን አይቼ እጽፈዋለሁ።