የስፌት መኪናሽ ሞተር

ውድ ነኢማ፣

ኮምቦልቻ ተመቸሽ ወይ? የባልሽ ዘመዶች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ የመርሳ ሰዎች አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ልብሳችን በሰው እጅ እየተበላሸ ነው። ባለፈው ያሰፋሁት ቀሚስ ብብቱ ጋ ይይዘኛል፤ ሰፊውን ብነግረው «ወፍረሽ ነው» አይለኝም! አንቺ ብትሆኚ ብወፍርም አሳምረሽ ትሰፊልኝ ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ፣ ፊት ለፊት ብነግርሽ «ኧረ ተይ ጽጌ!» ብለሽ ስለምታቋርጪኝ ነው። እዚህ ማቋረጥ የለም፤ አርፈሽ ታነቢያለሽ።

ሀብቴ የወፍጮው ቺንጋ ቀኝ እጁን ከያዘው በኋላ መጨበጥ አቅቶት ሥራ ሲፈታ፣ መልሳ ሰው ያደረገችው ወንድሙ ከሳዑዲ ያመጣለት ያች ትንሽ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ናት። በግራ እጁ እንጨቱን እየገፋ ሚዶ ይቀርጻል፣ ማንኪያ ይቀርጻል፣ አበባ ያወጣበታል። አይሸጥም፤ ለጠየቀው ሁሉ ያድላል። ያ ማሽን አንድ ቀን ድርግም ሲል እሱም አብሮ ድርግም አለ። ከአልጋ አይወርድ፣ ቃል አይወጣው። ባሌ ከነነፍሱ እየሄደብኝ ነበር፣ ነኢማ።

ጎረቤቱ ሁሉ «መብራቱ ነው፤ ኃይል ሲያገኝ ይነሳል» አለ። እዚህ አገር በመብራት ያልተላከከ ምን ነገር አለ? በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ሳይቀር «የሀብቴ መብራት» ተብሎ ተነሳ። ጠበቅን። እኔም የሚካኤልን ጠበል አምጥቼ ማሽኑ ላይ ረጨሁ። አንቺ መጥተሽ ስትነኪው እጅሽ ረጠበና «ምንድን ነው?» አልሽ። «ጠበል» ስልሽ ሳቅሽን ውጠሽ፣ «ጽጌዬ፣ እሱ ለሀብቴ ይሁን፤ ለኤሌክትሪክ አይሆንም» አልሽኝ። አሁንም አልቆጭም፤ ያንቺን እግር ያመጣው እሱ ነው።

መጀመሪያ እዚያው ሶኬት ላይ አምፑል ሰካሽ፤ በራ። «መብራቱን አትክሰሱ» አልሽ። የማሽኑን ገመድ የስፌት መኪናሽን በምትጠግኚበት ቴስተር ለካሽ፤ ደህና ነው። የሞተሩን ዘንግ በጣትሽ አዞርሽ፤ አልያዘም። ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብለውን ካርቦን በአዲስ ቀየርሽ፤ ብትሰኪው እርር ብሎ ጭስ ተፋ። ነቅለሽ አሸተትሽውና፣ «ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ተቃጥሏል። ሌላ ሞተር ነው የሚፈልገው» አልሽ። የአረፋ ልብስ ደንበኞችሽ በርሽ ላይ ቆመው ወልድያ ድረስ ሄድሽ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞርሽ፤ የለም።

በማግስቱ አንድ ነገር በሻርፕሽ ጠቅልለሽ መጣሽ። ስትፈቺው የራስሽ የስፌት መኪና ሞተር!

«አበድሽ? አረፋ ደርሶ!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ እግር አለኝ፤ በፔዳል እሰፋለሁ። እሱ በምን ይቅረጽ?»

እንደናንተ ወላሂ ብዬ ልማል፣ እንዳንቺ ያለ ሰው አላየሁም።

ሞተሩን አሰርሽ፣ ቺንጋውን አጠለቅሽ፤ ዞረ። ግን ወደ ኋላ! መቅረጫው እንጨቱን በመብላት ፈንታ ያሻሸው ጀመር። አገጭሽን ይዘሽ «እንግዲህ ምን ይሻላል?» አልሽ። እኔ «ይቅር ባክሽ» ልል ስል እግሬን ረገጥሽኝ። አንቺም ዓይንሽን ሞተሩ ላይ ተከልሽ።

«ቺንጋውን አጠላልፊዋ!» አለ ከአልጋው። «ስምንት ቁጥር አስመስይው፣ በግልባጩ ይዞራል። ወፍጮ ቤት ያረጀሁት በከንቱ ነው እንዴ!»

ሀብቴ ነው! ተነስቶ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ወረደና በግራ እጁ ቺንጋውን ያዘልሽ። ማሽኑ እንጨቱን ሲበላ ሁለታችሁም እንደ ልጅ ሳቃችሁ። በኋላ በር ላይ ስሸኝሽ «የቺንጋውን ነገር ታውቂው ነበር አይደል?» ብልሽ፣ «አላህ ያውቃል» ብለሽ ላጥ አልሽ። እስከ አረፋ ድረስ የፔዳልሽን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መረቅኩሽ። እድሜ ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የዚያን ዕለት ምሳ ሳቀርብለት ሀብቴ አንዴ ጎረሰና፣ «ጽጌ፣ ይህ ወጥ ጨው የሚባል ነገር አይቶ ያውቃል?» ብሎ ተቆጣኝ። ጓዳ ገብቼ ከደስታዬ ብዛት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጨው ይዤ ስወጣ ወጡን ትቶ ማሽኑ ጋ ሄዷል።

ጨው የማታውቀው እህትሽ፣
ጽጌ
መርሳ