ሰባት ነው ስለተባለው የወንዛችን ውሃ

ለተከበሩ የውሃና የአፈር ጥራት ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? እኛ ሳሉንና ቁስሉን ካልቆጠርነው ደህና ነን። እኔ ከባትሪ ፋብሪካው ግርጌ ሰላጣና ካሮት የማለማ ሴት ነኝ። ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የወንዙ የአሲድ ልኬት (ፒኤች) ሰባት ነው፣ ማለትም አሲድ የለበትም ብለው ስላረጋጉን እናመሰግናለን። ሰላጣዬ ግን ማስታወቂያዎን ስላላነበበ ሥሩ ጠቁሮ አለቀ። የአፈር ላቦራቶሪ ሠራተኛ የሆነው ታናሽ ወንድሜ መጥቶ፣ ከማሳዬ አፈር ዘግኖ በተጣራ ውሃ በጥብጦ ቢለካው መሣሪያው አራት አለ። ወንዙ ደግሞ ሦስት። ወንድሜ እንዳስረዳኝ፣ ቁጥሩ ከሰባት በወረደ መጠን አሲዱ ይበረታል፤ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥርም አሥር እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ቢሮዎ የሳተው በአሥር ሺህ እጥፍ ብቻ ነውና፣ ሰው ነው ይሳሳታል ብለን አልፈነው ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ዘበኞቹ ትጋት። ወንድሜ የፋብሪካው ቱቦ ወንዙን ከሚቀላቀልበት ሊለካ ሲጠጋ በዱላ ተቀበሉት። ክንዱን ሰበሩት፤ መሣሪያውን በድንጋይ ፈጩት። ከዚያም ረጅሙ ዘበኛ ማጅራቱን ጨምድዶ ፊቱን ቱቦው ሥር ደፈቀው።

«ስንት ይላል? አንብበው እስቲ» አለው።

አብሬው የሄድኩት እኔ በመኮትኮቻ የዘበኛውን ትከሻ ስመታው ነው የለቀቀው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚለው ተረት እኛ ዘንድ አይሠራም፤ የእኛ ውሃ ከቱቦው ሲወጣ ሳይወቅጡትም ሥጋ ይልጣል። ወንድሜን ተሸክሜ ወስጄ በጉድጓድ ውሃ ደጋግሜ ባጥበውም ግራ ዓይኑ ጠፋ። መርማሪዎ «አዳልጦት ወድቆ ነው» ብሎ ስለጻፈ፣ እንዳያዳልጠን ተጠንቅቀን እንሄዳለን።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ቱቦውን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈኑት። ዘበኞቹ ተኮሱ፤ የብረታ ብረት ሠራተኛው ጎረቤቴ ጭኑን ተመታ፤ ሲሚንቶው ግን ደረቀ። ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ የፋብሪካውን ግቢ ሞላ፣ የሥራ አስኪያጁን መኪና ቸርኬ በላ። የቢሮዎ ለኪዎች፣ እኛ ስንጠራቸው መኪና የላቸውም የተባሉት፣ እየበረሩ ደረሱ። ለክተውም ወንዝ ያላቀጠነው ስለሆነ ከአንድ በታች ነው፣ አደገኛ ነው ብለው ፋብሪካውን አሸጉ። ለእኛ ሰባት የነበረው ውሃ ለጌቶች ሲደርስ እውነቱን መናገሩ አስደስቶናል።

ፈጣሪ የእጅዎን እንዲሰጥዎ ሳትታክት የምትለምን፣

ከቱቦው ግርጌ ያለችው አትክልተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግቢው ሲጥለቀለቅ ረጅሙ ዘበኛ እግሩ ተቃጥሎ ደጃችን መጣ። እኔ በሩን ልዘጋበት ነበር፤ ወንድሜ ነው ባልተሰበረው እጁ ውሃ ያፈሰሰለት። ሰውየው አለቀሰ። ከዚያም፣ መሣሪያውንም ለኪውንም እንዳታስተርፉ ብሎ የደወለለትን ሰው ማንነት ነገረን። ፍርድ ቤትም ይደግመዋል። ድምፅዎ በስልክ ግርማ እንዳለው አጫውቶናል።