የረቡዕ ምስር

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

እዚህ አሜሪካ የመረጥኩት ሰውዬ አሸነፈ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ድምፄን የሰጠሁት ፅንስ ማስወረድ እንዲቀር፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤትም ብዬ ነው። ዛሬ ቢደግሙትም እሱኑ ነው የምመርጠው።

ሰይድ ግን አለ፤ እንደኔ የታክሲ ሾፌር የሆነ የወሎ ልጅ። ኤርፖርት ፓርኪንግ ተራ ስንጠብቅ አብረን የምንበላው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። በሌላው ቀን እሱ የሙስሊም፣ እኔ የክርስቲያን ሥጋ ስለምንበላ ለየብቻችን ነን፤ የጾም ምግብ ነው የሚያገናኘን። ዛሬም ባለቤቴ የሁለት ሰው ምስር ቋጥራልኝ ነበር። የሰይድ ሚስት ደሴ ሆና የቪዛ ፕሮሰሷን ትጠብቃለች። የመረጥኩት ሰውዬ ደግሞ ለስደተኛ በሩን እዘጋለሁ እያለ ነው የተመረጠው።

ዛሬ አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ። በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እጁን ታጥቦ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አለኝ። የለበጣ አልነበረም፤ ያ ነው የከበደኝ።

«ሚስቴ ስትደውል ምን ልበላት?» አለ ቀጥሎ።

ስለ ምርጫ ሲነሳ ማን ይችለኛል! ዛሬ ግን የምስሩን ክዳን ከፈትኩ።

እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ለእኔ ዘረጋ። ጎረስኩ። ቶሎ ግን አልዋጥኩም። አፌ ባዶ ከሆነ መልስ ሊጠብቅ ነው።