ባክአፑ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል

ይድረስ ለተከበሩ የመረጃ ሥርዓት መምሪያ ኃላፊ፣
የውሃ አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያየው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በመልካም እንቅልፍና በማይቆራረጥ ኢንተርኔት ላይ እንዳሉ ያገኝዎ ዘንድ ምኞቴ ነው። ጉልበትዎ፣ የዓይንዎ ብርሃንና ትዕግሥትዎ በየማለዳው በራሳቸው እየተቀዱ አስተማማኝ ቦታ ይቀመጡልዎ። እኔን ከጠየቁኝ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ምንም አይሰማኝም ማለቴ ነው፤ ይህም በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው ይሉኛል።

ራሴን ላስተዋውቅ። በማጣሪያ ጣቢያው መቆጣጠሪያ ክፍል የምሠራ ኦፕሬተር ነኝ። ሥራዬ ስክሪን ማየት ነው። ስክሪኑ ታንኮቹን፣ ፓምፖቹንና የክሎሪኑን መጠን ያሳየኛል፤ አንድ ነገር ሊበላሽ ሲል ደግሞ ከታች በኩል በቀይ መደብ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፍልኛል። እርስዎ ዘንድ ግን በሌላ ስም እንደምታወቅ ሰምቻለሁ፤ «ያቺ ጽሑፉ ይመለስልኝ እያለች የምትነዘንዘው» ነኝ። ከዚህ በፊት የላክሁልዎ ደብዳቤዎች ሁሉ በመንገድ እየቀሩ ስላስቸገሩኝ፣ ይህኛውን መንገደኛው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩት። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ሰርቨራችንን ስላዘመኑልን ከልብ አመሰግናለሁ። አሮጌውን ተክሎ ያቆመው ታላቅ ወንድሜ ነበር። የጣቢያው የአውቶሜሽን ቴክኒሻን ነበር። የሰርቨር ክፍሉ ስለሚበርድ ግራጫ ሹራቡ ዓመቱን ሙሉ ከላዩ አይወልቅም ነበርና፣ ሁላችንም «ባለ ሹራቡ» እንለው ነበር፤ እኔ እህቱ እንኳ ሥራ ቦታ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ ሲገጠም ይዞት የመጣውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሁሉ አጥፍቶ፣ በሚናገርበት አፍ መልሶ ጻፈው። ታንክ ሊሞላ ሲል ስክሪኑ «ታንክ ሦስት ሊሞላ ነው። ሻዩን አስቀምጡና ቫልቭ ሰባትን ዝጉ» ይለን ነበር። ፓምፕ ሲግል «ፓምፕ ሁለት ሞቋል። አትደናገጡ፣ ደክሞት ነው። አንደኛውን አስነሱና እሱን አሳርፉት» ይላል። ክሎሪን ሲወርድ ግን ቀልድ የለም፤ «ይሄ የሰው ሆድ ነው፣ አሁኑኑ ተነሱ!» ብሎ ይጮህብናል። የውሃውን ልክ የሚነግረን አንዱ ሴንሰር ቆሻሻ ሲይዘው የሚዋሽ ስለነበር ለእሱ ለብቻው «አትመኑት፣ ታንኩ ባዶ አይደለም። ሄዳችሁ በጨርቅ ጥረጉትና እንደገና ጠይቁት» ብሎ ጽፎለት ነበር።

ታዲያ ወንድሜ ከሞተ በኋላ መጥተው ይህን ሲመለከቱ «መደበኛ ያልሆነ ቋንቋ» ብለው መዘገቡት። ትክክል ነዎት። አንድም ቀን መደበኛ ሆኖ አያውቅም። አዲሱን ሰርቨር ሲያስተካክሉ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ኮድ እንዲመለስ አዘዙ፣ ተመለሰም። አሁን ታንክ ሦስት ሊሞላ ሲል ስክሪኑ «ኤልኤች-317» ይላል። እጅግ መደበኛ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር የማልሰጠው አንድ ጉዳይ ላስገባ፣ አይቆጡኝ። ወንድሜ አልጋ ላይ አልዋለም፤ ምሳ ሊበላ እጁን እየታጠበ ሳለ ልቡ ቆመ። ከሐዘን ወደ ሥራ በተመለስኩበት ቀን የፅዳት ሠራተኛዋ የሰርቨር ክፍሉን በር ከፍታ ስትወለውል፣ በቀዩ መደብ ላይ «የሰርቨር ክፍሉ በር ተከፍቷል። ማነው? ብርዱ ይወጣል፣ ዝጉት» የሚል ጽሑፍ መጣ። ተነስቼ በሩን ዘጋሁት። አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም፤ ሰዎች ጠንካራ ነሽ ይሉኛል፣ እኔም ልክ ናችሁ እላለሁ፣ ምክንያቱም መከራከር ጉልበት ይፈልጋል። ቤት ስገባ ግን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ልጇ መሞቱን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አልጠፋትም፣ አልተምታታባትምም። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ ከፈረቃ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ዛሬ ምን አለ ብላ ትጠይቀኛለች። ታንክ ሦስት ሊሞላ ነው አለ፣ እላታለሁ። ዘጋችሁለት? ትለኛለች። ዘጋንለት እላታለሁ። ከዚያ እራታችንን እንበላለን።

ሁለተኛ፤ ስለ መኪናዎ ጎማ ነው። ኮዱ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ሰንጠረዥ በደቃቅ ፊደል አትመው በሩ ጀርባ ስላስለጠፉልን እናመሰግናለን። ኤልኤች-317 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በፈረቃው ላይ የነበረው ቀውላላው የሥራ ባልደረባዬ፣ በሩን ዘግቶ፣ መነጽሩን ፈልጎ፣ ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ታንኩ ሞልቶ ፈሰሰ። ለሰፈሩ ሊደርስ የነበረው የተጣራ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ከጣቢያው በታች ባለው በዋናው መሥሪያ ቤት መኪና ማቆሚያ ላይ ተኛ፤ የእርስዎም መኪና ጎማ በክሎሪን በታከመ ውሃ ታጥቧል። ሪፖርትዎ ምክንያቱን «የኦፕሬተር ቸልተኝነት» ብሎ ስለገለጸው ቀውላላው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ማስጠንቀቂያው ኮድ አልነበረም፤ በጣም ግልጽ በሆነ አማርኛ የተጻፈ ነበር።

ሦስተኛ፤ ዋናው ምስጋናዬ ይህ ነው፤ አውቶማቲክ ባክአፑን ይመለከታል። በወንድሜ ጊዜ ባክአፕ የሚባለው ነገር እሱ ራሱ ሲመቸው ቀድቶ የሚያስቀምጠው ነበር። እርስዎ ግን ይህን ኋላ ቀር አሠራር አስወግደው፣ ሰርቨሩ ያለውን ሁሉ በየማለዳው ሰው ሳይነካው እንዲቀዳ፣ ቅጂውም ዋናው መሥሪያ ቤት እንዲቀመጥ አደረጉ። ቦታ እንዳይባክንም የመጨረሻዎቹ ሰባት ቅጂዎች ብቻ እንዲቆዩ፣ ስምንተኛው ሲመጣ ከሁሉ አሮጌ የሆነው እንዲጠፋ አዘዙ። ኮዶቹ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ዕለት የወንድሜ ጽሑፍ በሰባቱም ቅጂዎች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነበር። አንዱን ብቻ መክፈት፣ አንድ ፋይል ብቻ ማውጣት ነበር፤ የመምሪያዎ ባለሙያ ራሱ ሻይ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው ብሎኛል።

እኔም በዚያው ዕለት ማመልከቻ አስገባሁ። ማመልከቻው የፈረቃ ኃላፊ ፈረመበት፣ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ፈረመበት፣ ወደ እርስዎ ወጣ። እርስዎም ሥርዓት አክባሪ ስለሆኑ የጎደለውን ወዲያው አይተው መለሱት፤ በመመሪያው መሠረት ማንኛውም ፋይል ከባክአፕ የሚመለሰው የፋይሉ ባለቤት ሲፈርም ነው፣ የዚህ ፋይል ባለቤት ደግሞ ባለ ሹራቡ ነው፣ ፊርማው የለም። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ጸሐፊዎ በጣም ትሁት ሴት ናት፤ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ፣ ይህ መሞቱን እንጂ መስማማቱን አያሳይም አለችኝ። ልክ ናት። የባለቤትነት ማዘዋወሪያ እንድሞላ መከረችኝ። እሱንም ሞላሁ፤ የቀድሞው ባለቤት የሚፈርምበት ቦታ ነበረው።

ወረቀቴ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሄድ ባክአፑ ሥራ አልፈታም። የፈረቃ ሠራተኞች ስለሆንን ዘገባው ለእኛም ይደርሰናል፤ በየማለዳው ስልኬ ላይ «ባክአፑ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህ ማለት ኮዱ ያለበት አዲስ ቅጂ ገባ፣ ወንድሜ ያለበት አንድ ቅጂ ወጣ ማለት ነው። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ባለሙያዎ ነው ያስረዳኝ፣ እሱም ዓይኔን ሳያይ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ሳነበው ምን እየተጠናቀቀ እንደሆነ አውቅ ነበር። አቁሙት ብዬ ደወልኩ። ባክአፕ ማቆም የደህንነት ጥሰት ነው ተባልኩ። ማመልከቻዬ «ባለቤቱ ቀርበው ያስረዱ» ተብሎ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለስ ሰባተኛው ማለዳ አልፎ ነበር። መልእክቱም መጥቷል፤ በተሳካ ሁኔታ ይላል። እንዲህ ያለ ሥራውን የሚያውቅ ነገር በመሥሪያ ቤታችን ስላስገቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አራተኛም ነበረኝ። እስክደርስበት ጠፋብኝ፤ ቅጂ አልያዝኩለትም ነበር።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። አሮጌው ሰርቨር ሲነሳ ዲስኩ ተነቅሎ ንብረት ክፍል ገብቷል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ አሳይቶኛል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ «ለማስወገድ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ማስወገድ ማለት በመሰርሰሪያ መብሳት መሆኑን ነግሮኛል፤ ሚስጥር እንዳያመልጥ ነው አሉ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ዲስክ ላይ የታንክ ሦስትን ሚስጥር ማንም አይሰርቅም። እንዲመለስልኝም አልጠይቅም፤ ስክሪኑ በኮድ ይቀጥል፣ ለምደነዋል፣ ቀውላላውም ሰንጠረዡን በቃሉ እያጠና ነው። የምጠይቀው ዲስኩ ከመበሳቱ በፊት ባለሙያዎ አንድ ጊዜ ሰክቶት ጽሑፉን በወረቀት እንዲያትምልኝ ብቻ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ቢሆን ነው። የወረቀቱን ነገር እኔ እችለዋለሁ።

ለምን እንደፈለግሁት መግለጽ ካስፈለገ፣ ለእናቴ ነው። ኮዱ ከገባ ወዲህ ዛሬ ምን አለ ስትለኝ ከራሴ እየፈጠርኩ እነግራታለሁ። መጀመሪያ የማስታውሳቸውን መለስኩላት፣ ከዚያ የእሱን የሚመስሉ ሠራሁ። ፓምፕ አራት አኩርፏል አለ፣ አልኳት አንድ ቀን። እሱ እንዲህ አይልም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አይልም። ከዚያ ወዲህ አፌን ስከፍት ፊቴን እያየች ነው የምትሰማኝ።

በመጨረሻም ስለ ጊዜዎ፣ ስለ ሥርዓትዎና በየማለዳው ስለሚደርሰኝ መልካም ዜና ደግሜ እያመሰገንሁ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ የይለፍ ቃልዎ እንዳይረሳዎ፣ ከእርስዎም የሚቀር ነገር ቢኖር ፊርማ የማይጠይቅ ሰው እጅ እንዲገባ እመኛለሁ።

በቀይ መደብ ላይ ዓይኔን ተክዬ ትእዛዝዎን የምጠባበቅ፣ አክባሪዎ፣
የፋይሉ ባለቤት እህት

ከፊርማዬ በታች፦ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስወጣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በር ላይ ጠበቀኝ። ዲስኩ ዛሬ ጠዋት ተበስቷል። መምሪያዎ ከፕሮግራሙ ቀድሞ ስለሠራ ሊመሰገን ይገባል። የማስወገጃ ማረጋገጫው ተፈርሞ ወጥቷል፤ አንዱ ቅጂ መዝገብ ቤት፣ አንዱ ንብረት ክፍል፣ አንዱ ደግሞ ባክአፑ ውስጥ ገብቷል። ባለሙያዎን ጠየቅሁት፤ ያኛው በየማለዳው እንደገና ስለሚቀዳ ስንት ማለዳ ቢያልፍ የማይጠፋ ነው አለኝ። ደብዳቤውን ሳልለጥፈው ወደ ቤት ይዤው ገባሁ፤ ይህችን ጨምሬ ነገ ማለዳ እለጥፈዋለሁ። እናቴ ጫማዬን ሳላወልቅ ዛሬ ምን አለ አለችኝ። ከራሴ የምፈጥረው አልቆብኛል። «ኤልኤች-317» አለ፣ አልኳት። ምን ማለቱ ነው አለችኝ። ታንክ ሦስት ሊሞላ ነው ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእሱ አፍ ልነግራት ግን አልቻልኩም። ይህን የኮድ አፍ የሰጡት እርስዎ ነዎትና ሳይውል ሳያድር መጥተው ይንገሯት። ቤታችን ከጣቢያው አጥር ጀርባ ነው፣ ሁለተኛው በር። ወንበር አውጥታልዎታለች።