ከቀዩ ወደ አረንጓዴው መስመር ስለሚያሻግረው መንገድና በመካከሉ ስለነበረችው ወንበር

ለተከበሩ የከተማችን የምድር ውስጥ ባቡር ድርጅት የመስመር ማቀያየሪያ ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። የቀረው አካልዎም ያሳስበኛል፤ ዳሩ ግን በእርስዎ ጣቢያ የሚያልፍ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጉልበቱ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እኔ በጣቢያው መውጫ አጠገብ ተቀምጬ ጫማ የምጠግን ሰው ነኝ። መስመር ለመቀየር ያሠሩት መተላለፊያ የሕዝቡን ሶል እየበላ ወደ እኔ ስለሚልከው፣ ቤቴ የሚተዳደረው በእርስዎ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል እንዳይባልብኝም እስከ ዛሬ አፌን ይዤ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ነገሩ እናቴ ዘንድ ስለደረሰ፣ ቅሬታዬን እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. እናቴ በየሳምንቱ ጉልበቷን ለመታከም በቀዩ መስመር መጥታ ወደ አረንጓዴው ትቀይራለች። ብቻዋን ነው የምትሄደው፤ ልጇ ደግፏት ስትሄድ መታየትን እንደ ስድብ የምትቆጥር ሴት ናት። ሐኪሙ ያቀናላትን ጉልበት ደረጃዎ በመልስ ጉዞ ይረከባታል። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱ በፀሐይ ሳይሆን በዕድሜ ብዛት ሲደበዝዝ፣ የጥገና ክፍልዎ ሳይውል ሳያድር በአዲስ ወረቀት ተክቶታል። ለዚህ ትጋቱ ምስጋናዬ ይድረሰው።

2ኛ. ወደ አረንጓዴው መስመር ያመለክታል የተባለው ቀስት የሚያደርሰው መጥረጊያና ባልዲ ወደሚቀመጥበት ክፍል ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ቀስቱን አምኖ የሚመጣውን ሰው መመለስ ቢሰለቻት፣ የጠፋው ሁሉ ትንፋሹን እንዲሰበስብ አንዲት ወንበር በሩ ላይ አኖረች። በጣቢያዎ ውስጥ ሰው የሚቀመጥባት ብቸኛ ወንበር እሷ ነበረች። እናቴም አንድ ቀን ጠፍታ ደርሳ አረፈችባት፤ ከዚያ ወዲህ አውቃ ነበር የምትጠፋው።

3ኛ. ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ እኔ ሞኙ ቀስቱ ይስተካከል ብዬ አመለከትኩ። ተቆጣጣሪዎችዎ መጡ፣ አዩ፣ ተመካከሩ። ቀስቱን እንዳለ ትተው ወንበሯን ይዘው ሄዱ። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ወንበሯ ተሳፋሪውን ከትክክለኛው መንገድ ታዘናጋዋለች ተባልኩ። አቤት ጥበብ! ሌባውን ትቶ ውሻውን የሚያስር ዘበኛ እንኳ ይህን ያህል አያስብም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሕክምናዋን አቋረጠች። ተሽሎኛል ትለኛለች፤ ውሸቷን ነው፣ ስትነሳ ጠረጴዛውን ጨብጣ እንደሆነ አያለሁ። ከቁርጥራጭ ቆዳ የምትታጠፍ በርጩማ ሠርቼላት፣ በስንት ልመና ሕክምናዋን ቀጠለች፤ አሁን በታመመ ጉልበቷ ላይ በርጩማ ተሸክማ ደረጃዎን ትወጣለች።

4ኛ. አራተኛ ቅሬታ የለኝም። እስከዚህ ያነበበ ሰው ደክሞት ይሆናልና፣ የሚቀመጡበት ካለዎት እባክዎ አረፍ ይበሉ።

ልመናዬም ትንሽ ናት። ተንቀሳቃሹ ደረጃ እንደቆመ ይኑር፤ ቀስቱም ወደ ፈለገው ይጠቁም፤ እኛ ከድጡ ወደ ማጡ መሄድን ለምደነዋል። ያቺን አንዲት ወንበር ብቻ ወደ ቦታዋ ይመልሱልን።

ጫማ የሚያደርግ ሕዝብ እስካለ ድረስ ውለታዎን የማይረሳ፣ በደረጃዎ ግርጌ ቆሞ ባርኔጣውን የሚያነሳልዎ፣

ጫማ ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት እናቴ በተለመደው ቦታ በርጩማዋን ዘርግታ ሳለች፣ ከረቫት ያሰረ፣ የድርጅትዎን ባጅ ያንጠለጠለ አንድ ሰው ላብ በላብ ሆኖ፣ ቀስቱን ተከትሎ መጣ። እንደ ምንም ተነሥታ አስቀመጠችው። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ የመጣው ወንበሯ መነሣቷን ለማረጋገጥ እንደሆነ ነገራት። እናቴም ተነሣ አላለችውም፤ «አረፍ በል ልጄ፣ ገና ደረጃ ይቀርሃል» ብላ እስኪበቃው ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀችው፤ ኋላም መውጫውን አሳየችው። ሰውየው እርስዎ ከነበሩ፣ ቤትህ በደህና ገባህ ወይ፣ ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ ብላዎታለች።